የጋሽ ከድር አራት ስንዝር

«የቆርቆሮው ሽማግሌ ዐረፉ፤ አልሰማህም እንዴ?» አለኝ አንድ የአይሱዙ ሾፌር።

ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ እያስነፋ ነበር። ስሙን አላውቀውም። እሱ ግን ያውቀኛል፤ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ሜትር ይዤ ከድልድይ ድልድይ ስዞር ስላየኝ ያውቀኛል። «ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ አሉ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ድንኳን ተጥሎ አየሁ። ቆም ብዬ ክላክስ አደረግሁላቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለና እጁን በጨርቅ ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ፊቱ ነው ድቅን የሚለው ይላሉ። በእኔ ላይ ግን መጀመሪያ የመጣው የባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የመጣብኝ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩት ነገር ነው። እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ፤ እሱን ባልናገር ይህን መጻፍም አያስፈልገኝም ነበር።

ጋሽ ከድርን ለማያውቅ ሰው ከድልድዩ መጀመር ይሻላል። ከሸኮ ወረድ ብሎ ወደ ቡና እርሻዎቹ የሚገባ የጠጠር መንገድ አለ። መንገዱ ወንዙ ጋ ሲደርስ አንድ አሮጌ የብረት ድልድይ ያገኛል። ድልድዩ ግራና ቀኙ ብቻ ሳይሆን ራሱም ላይ ብረት አለው፤ ሁለቱን ጎኖች የሚያያይዙ ወፋፍራም አግዳሚዎች እንደ በር ጉበን ተጋድመውበታል። ያኔ ሲሠራ መኪናው ሁሉ ትንሽ ነበር መሰለኝ፣ ስለ ቁመት የተጨነቀ ሰው የለም። የዛሬ አይሱዙ ግን ሌላ ነው፤ ይልቁንም የጀንፈል ወቅት ሲሆን። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ጆንያ ይሞላል እንጂ አይከብድም። ስለማይከብድ ነጋዴው ወደ ላይ ይደረድረዋል። ኬላ ላይ የሚጠየቀው ክብደት ነው፤ «ቁመትህ ስንት ነው?» ብሎ ሾፌር የሚያስቆም አላየሁም። በዚያ ላይ ሚኒባስ ደፍሮ የማይገባበት መንገድ ስለሆነ፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ጭነቱ ላይ ይሳፈራል።

እናም ጭነት አግዳሚውን ይመታል። ጆንያ ይቀደዳል፣ ቡናው ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ብረቱ ይጣመማል። ድልድዩ ሲዘጋ ከወንዙ ማዶ ያለው ሕዝብ ሌላ መንገድ የለውም፤ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ በቃሬዛ ነው የምትሻገረው።

ጋሽ ከድር የጅማ አካባቢ ሰው ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን ጫኝና አውራጅ ሆነው ከቴፒ እስከ ሚዛን ያልተሸከሙበት መጋዘን የለም። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ነው። «ይቺ ትከሻ ስንት መኪና ቡና እንዳሳለፈች አላህ ነው የሚያውቀው» ይሉ ነበር እየዳበሷት። ጉልበት ሲከዳቸው ከድልድዩ አፍ ላይ ቤት ቀልሰው የተቀደደ ጆንያ መጠገን ያዙ። ወስፌና ሲባጎ ይዘው በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ይሰፋል፤ ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነው። ማንም ሳይሾማቸው የድልድዩ ጠባቂ የሆኑት እንዲህ ነው።

ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም፣ መኪና ፍሬን ይዞ ለመቆም በሚበቃው ያህል ራቅ ብለው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግንድ ተከሉ። ከግንድ ግንድ ሽቦ ወጠሩ። ሽቦው ላይ ያገኙትን ባዶ ቆርቆሮ ሁሉ አንጠለጠሉበት፤ የቲማቲም ድልህ፣ የዱቄት ወተት፣ የቀለም። ረጅም ጭነት ሲመጣ ቆርቆሮዎቹን ይገጫቸዋል፣ ሰፈሩ ይንጫጫል፣ ሾፌሩ ደንግጦ ይቆማል። ያኔ ጋሽ ከድር ወስፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው፣ ቀርከሃቸውን ይዘው ይነሳሉ።

ቀርከሃው የእሳቸው ሜትር ነው። በወስፌ የተጫሩ ምልክቶች አሉት፤ አንዱ የድልድዩ፣ አንዱ የሽቦው፣ ሌሎቹን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የላይኛው ጫፉ በጨርቅ ተወትፏል። ጉንዳን እንዳይገባበት ነው ይሉ ነበር። ቀርከሃውን መኪናው ጎን አቁመው አንጋጠው ያዩና «ሁለት ድርድር ይውረድ» ይላሉ። ሾፌሩ ይጮኻል። እሳቸው ግን አይጮኹም። «ሾፌር መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፤ ወደ ላይ የሚያየው ሲቸገር ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ አይለታለሁ» ይሉና ቆመው ይጠብቃሉ። ጭነቱ ሳይቀነስ ከመንገዱ ላይ ፈቀቅ አይሉም።

እኔ ያኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ በመንገድ ሥራ ክፍል ተቀጥሬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሜትሬን አንጠልጥዬ ስደርስ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «እንኳን ደህና መጣህ፣ ኢንጂነር» አሉኝ።

«ኢንጂነር አይደለሁም፣ ጋሽ ከድር። ቴክኒሺያን ነኝ።»

«አቦ ተወው! ሜትር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ሆኖ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ነው አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና የመጣው። ከላይ የሸራ መወጠሪያ ብረት ተበይዶለታል። ብረቱ ከድልድዩ አግዳሚ ሥር በሁለት ጣት ብቻ ተርፎ አለፈ። ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ከድር ግን መኪናውን ተከትለው ድልድዩን ተሻገሩና «ሲሚንቶህን አራግፈህ ስትመለስ እንዳታልፍ። ቁም፣ ጥራኝ» አሉት። እኔ ጣልቃ ገባሁ። በገባበት ይወጣል፤ መኪናው አይረዝም፣ ድልድዩ አያጥር አልኳቸው።

«ይረዝማል እንጂ። መኪና እንደ ሰው ነው፤ ሸክሙ ሲወርድለት ቀና ይላል» አሉኝ።

አላመንኩም። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሲመለስ ለካነው። አምስት ጣት ረዝሟል። ከሥሩ ያለው የብረት ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ክብደቱ ሲነሳለት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሾፌሩ ከጎማዎቹ አየር አስተንፍሶ በዝግታ ወጣ፣ እንደዚያም ሆኖ ብረቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ይህን ከኮሌጅ ይዤው መምጣት የነበረብኝ ሰው ማስታወሻዬን አውጥቼ ከአንድ ጆንያ ጠጋኝ አፍ ጻፍኩት። እሳቸው አልሳቁብኝም። «ጻፈው፣ ጥሩ ነው። እኔ መጻፍ ስለማልችል ነው ቀርከሃ የምጭረው» አሉኝ።

ቁርኣን ይቀሩ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ይህን አስታውሱልኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የጀንፈል ወቅት ወደ ቢሯችን ክስ ይጎርፍ ጀመር። ሾፌሩም ነጋዴውም በአንድ ድምፅ «ሽማግሌው ይዋሻል» አሉ። ቆርቆሮ የነካ ጭነት ሁሉ ድልድዩን አይነካም፤ እኛን ግን ሁለት ሁለት ድርድር እያስወረደ ያለ ሥራ ያውለናል የሚል ነው። አለቃዬ ሂድና ለካ አለኝ።

ሄጄ ለካሁ። እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮዎቹ ከድልድዩ አግዳሚ አራት ስንዝር ዝቅ ብለው ነው የተንጠለጠሉት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ፣ አራት ስንዝር ነው።

«ጋሽ ከድር፣ ሽቦው ልክ አይደለም» አልኳቸው።

«ልክ ነው። ለሚቀመጠው ሰው ነው» አሉኝ ከስፌታቸው ሳይነሱ።

«ለየትኛው ሰው?»

«ጭነቱ ላይ ለሚቀመጠው። አንድ የተቀመጠ ሰው አራት ስንዝር ነው። እንደኔ ዓይነቱ ትንሽ ያንሳል፤ እኔ ለረጅሙ ነው የለካሁት።»

እኔ ደንብ አዋቂ ነበርኩ። ጭነት ላይ መሳፈር ክልክል መሆኑን ነገርኳቸው። መንግሥት ለሕገወጥ ነገር ልኬት አያወጣም፤ እኛ የምንለካው ለጭነት ነው፣ ሰው እዚያ መኖር የለበትም አልኳቸው። ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ። ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ ከድር ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «ሕግ የከለከለው ሰው ራስ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«እሺ ስማኝ፣ ኢንጂነር። ሽቦውን ከድልድዩ እኩል ብሰቅለው ጭነቱ ሳይነካው ያልፋል። ሾፌሩ ምንም አይሰማም። ሽቦው የሚደርሰው ላይ የተቀመጠው ሰው ጋ ነው። ሰውዬው ምን ያደርጋል? የመብራት ሽቦም፣ የዛፍ ቅርንጫፍም ሲመጣበት የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። በእጁ ከፍ አድርጎ ያልፋል። ከዚያ ድልድዩ ይመጣል። ድልድዩን በእጁ ከፍ ያደርገዋል?»

እኔ ግን ደብዳቤ ይዤ ነበር። ከቢሮ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ነው የመጣሁት። ሽቦው ከድልድዩ ትክክለኛ ቁመት ጋር እኩል እንዲደረግ፣ ካልሆነ እንዲነሳ ይላል። እንዲነሳ የሚለው ነው ያሸነፋቸው። ጭራሽ ከሚጠፋ ይሻላል ብለው ነው። «አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና መሰላላቸውን አመጡ። እሳቸው ወጡ፣ እኔ መሰላሉን ከታች ያዝኩ። አራት ስንዝር ከፍ አደረጉት።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ ነው። ጀንፈል የጫነ አይሱዙ ከእርሻዎቹ በኩል መጣ። ጭነቱ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ማርቆስ የሚባል የዚያው አካባቢ ገበሬ፣ ሚስቱ አልማዝ እና አንድ ጎረቤታቸው። ማርቆስ ዝንጅብሉን ሊሸጥ ነው የሚሄደው። ጀርባውን ወደ ድልድዩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ ያወራ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ ከጋሽ ከድርና ከጎረቤትየው ነው የሰማሁት።

ጭነቱ ሽቦውን ሳይነካ አለፈ። ሽቦው ከኋላው ትከሻውን ሲነካው ማርቆስ ሳቀና በእጁ በራሱና በአልማዝ ላይ ከፍ አድርጎ አሳለፈው። ቆርቆሮዎቹ ትንሽ ተንኳኩ። ሾፌሩ ሞተሩ እየጮኸበት አልሰማም። ያን ቀን ማዶ የሽቦውን ግንድ ሊያጠብቁ ተሻግረው የነበሩት ጋሽ ከድር ከመንገዱ ዳር ሆነው «ተኙ! ተኙ!» እያሉ ሁለት እጃቸውን አወናጨፉ። አልማዝ አየቻቸውና ተደፋች። ጎረቤትየውም ተደፋ። ማርቆስ ግን ጋሽ ከድርን ሲያይ ሰላም ያሉት መሰለው። እጁን አንስቶ አወዛወዘላቸው።

እዚያው ነው የሞተው።

እኔ ስደርስ አስከሬኑን ነጠላ አልብሰውታል። ዝንጅብሉ ድልድዩ ላይ ተበትኗል፤ የሚለቅመው ሰው የለም። ፖሊሱ ሽቦውን አየ፣ ድልድዩን አየ። ሕዝቡ «ሽቦው እንዲህ አልነበረም፤ ድሮ ዝቅ ያለ ነበር» አለው።

«ታዲያ ማነው ከፍ ያደረገው?» ሲል ጠየቀ።

እኔ ከጋሽ ከድር ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ከድር። «በእጄ ነው ከፍ ያደረግሁት።»

ወደኔ አላዩም። አልማዝ ግን እሳቸውን አየች፤ አስተያየቷን እኔም አይቼዋለሁ። ሕዝቡም አያቸው። እኔ ዝም አልኩ። ፈሪ መሆኔን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ቃል ልሰጥ አይደለም፣ የታሰሩትን ጋሽ ከድርን ልጠይቅ ነው። ደጅ ላይ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። የመጀመሪያ ቃሌ ምን እንደነበር ስነግራችሁ አፍራለሁ። «ወረቀቱ የት አለ?» ነው ያልኩት። ስለ ማርቆስ አልጠየቅሁም፤ ስለ ራሳቸውም አልጠየቅሁም።

ቀና ብለው አዩኝ። ውሃው ከክርናቸው ይንጠባጠባል።

«ዝናብ አበላሸው» አሉኝ።

«እንግዲያው እኔ ልናገር» አልኩ፤ አባባሌ ግን እንዳትናገር ብለው እንዲከለክሉኝ የሚለምን ነበር። እሳቸውም ገባቸው።

«ይርጋ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ። «እኔን ምን ያደርጉኛል? ሽማግሌ ነኝ፤ ጥቂት ቀን አስረው ይለቁኛል። አንተን ካነሱህ ግን በቦታህ ሌላ ሜትር የያዘ ልጅ ነው የሚልኩት። እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንተ አሁን አውቀሃል። ሂድና ሽቦውን በብረት አሠራው።»

ሄድኩ። ቀለለኝ እንዴ? አዎ፣ ቀለለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

እንዳሉት ከጥቂት ቀን በኋላ ተለቀቁ። የአገር ሽማግሌዎች ይዘዋቸው ወደ ማርቆስ ቤት ሄዱ፤ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቁ። ዘመዶቹ ይቅር አሉ። አልማዝ ግን ወደ ጓዳ ገባች፤ አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ውሃ ስትቀዳም፣ ገበያ ስትሄድም በደጃቸው ታልፋለች። ሌላ መንገድ የላትም። ስታልፍ ፊቷን ወደ ወንዙ ታዞራለች። ጋሽ ከድር ግን ባለፈች ቁጥር ከበርጩማቸው ይነሱ ነበር። ጉልበታቸው እየደከመ ሲመጣ እንኳ ወስፌያቸውን ይዘው፣ ቀርከሃቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። እስክታልፍ ቆመው ይቆዩና ይቀመጣሉ። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም።

ሽቦውን የተለቀቁ ዕለት ወደ ድሮው ቦታው መለሱት። የእኔ ድርሻ ደግሞ ብረቱ ሆነ። ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ፣ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አልቆጥርም። በሁለተኛው ዓመት ሚዛን ካለ ብየዳ ቤት ሁለት ትልልቅ የብረት መቃን አሠርተን በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ተከልን። መቃኑ ከድልድዩ ከፍ ያለ ነው፤ ከላዩ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ቀጭን ቧንቧ ግን፣ የተቀመጠ ሰው በእጁ ገፍቶ እንዲያልፈው፣ ከድልድዩ አራት ስንዝር ዝቅ ያለ ነው። ቢሮ ውስጥ «ለምን ይህን ያህል ዝቅ አለ?» ሲሉኝ «የባሌስትራው ነገር አለ፣ ጠጠር ሲደፋ መንገዱም ከፍ ይላል» እያልኩ አስረዳሁ። ውሸት አይደለም። ስለ ተቀመጠው ሰው ግን አልተናገርኩም፤ የእሱ ነገር ከተነሳ የኔም ይነሳል።

ብረቱ የተተከለ ዕለት ጋሽ ከድር ቀርከሃቸውን ይዘው መጡ። ለኩና «ዝቅ ለማለት ሦስት ጣት ይቀረዋል» አሉ። በሜትር ለካሁ። ልክ ናቸው። በያጆቹ እያጉረመረሙ አስተካከሉት። ሲያልቅ ደግሞ መሰላላቸውን አመጡና ቆርቆሮዎቹን በሙሉ ከሽቦው ፈትተው ብረቱ ላይ አንጠለጠሉ።

«ብረት እኮ ተተክሏል፣ ጋሽ ከድር። ይበቃል» አለ አንዱ በያጅ።

«ብረት ይመታል እንጂ አይናገርም። መጀመሪያ ይነገረው፤ ካልሰማ ይመታ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ድልድይ ላይ ጭነት አልተመታም፤ ሰውም አልሞተም። እኔ ወደ ሚዛን ተዛወርኩ። በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ማርቆስ አናወራም። «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ። ወረቀቱ በዝናብ መበላሸቱን ካመንኩ ቆይቻለሁ፤ ሰው የሚጠቅመውን ለማመን አይቸገርም።

ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ በዚያው ቀን ወጣሁ። እስከ ሸኮ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል። ድንኳኑ ከቤታቸው ፊት ለፊት ተጥሏል። ሰው ሞልቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጫኙም ሾፌሩም። አልማዝም አለች። ከሴቶቹ መካከል ዳር ላይ ተቀምጣለች። በሕይወት ሳሉ ሰላም ባትላቸውም፣ የጎረቤት ለቅሶ አይቀርም።

ልጃቸው ዘምዘም አየችኝና ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል። ቀርከሃውን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

«አባባ ለይርጋ ስጡት ብሎ ነበር» አለችኝ።

«ኢንጂነር አላሉም?»

«አይ፣ ይርጋ ነው ያለው።»

ተቀበልኳት። ቀርከሃውን ዘንበል ሳደርገው ውስጡ የሆነ ነገር ተንሸራተተ። ጨርቁን ከጫፉ ነቀልኩት። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሳልፈታው አወቅሁት። ማኅተሙ አልደበዘዘም፤ ፊርማዬም እንዳለ ነው። ዝናብ አልነካውም። ሰባት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ይዘውት ሲለኩ፣ አልማዝ ስታልፍም ተደግፈውት ሲነሱ፣ ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ለአንድ ፊደል ለቆጠረ ሰው ቢያሳዩት ይበቃቸው ነበር።

ለምን አልጣሉትም? ይህን ብዙ አሰብኩበት። ሊያስፈራሩኝ ቢፈልጉ በሕይወት ሳሉ ያደርጉት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ምርጫውን ለኔ አቆይተውት ነው። ዘምዘም የምታየው የደረቀ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ኪሴ ብከተው የሚያውቅብኝ አልነበረም። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። «አንድ ነገር ላንብብ» አልኩ። ሰዉ የሐዘን መልእክት መስሎት ወደኔ ዞረ። ደብዳቤውን አነበብኩ። እንደዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሰላሉንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ከድር አይሆንም ብለውኝ ነበር። ፖሊሱ ሲጠይቅ ዝም አልኩ። ነገ ጣቢያ ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ከሾፌሮቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። የሚሰድበኝ ሰው ጠብቄ ነበር።

አልማዝ ተነሳች። ወደኔ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች እንጂ አላየችኝም፤ የምታየው ቀርከሃውን ነው።

«ማርቆስ የመጨረሻ ሰላምታውን የሰጠው ለእሳቸው ነው» አለች ቀስ ብላ። «እጁን ሲያነሳ አይቻለሁ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም ነፈግኳቸው። በየቀኑ ይነሱልኝ ነበር። አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

የደበቅሁት የራሴን ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእሷንም ሰላምታ ከእሳቸው ጋር አብሬ መቅበሬን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከድንኳኑ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ወደ በራቸው ሄደች። በርጩማው እንደቆመ ነው፤ ያልተጨረሰ ጆንያ ወስፌ ተሰክቶበት ላዩ ላይ ተጋድሟል። ፊት ለፊቱ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። ታላቅ ሰው ሰላም እንደሚባል ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ከድር» አለች። ድምፅዋ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ።

የተነሳላት ሰው አልነበረም።